የቢጃማው ሐሙስ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቢጃማ ለብሳችሁ ከቤት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እስከ ሱቅ ማለቴ አይደለም፤ እስከ ሱቅማ ማን ያልወጣ አለ፣ ዳቦ የማያልቅበት ቤት የለም። እኔ የምላችሁ አስፋልት ተሻግሮ፣ ስድስት ብሎክ በእግር ተጉዞ፣ ተማሪ፣ ወላጅና መምህር ግጥም ባለበት የትምህርት ቤት በር ላይ በቢጃማ መገተር ነው። እሱም ይቅር። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ የሰው ልጅ ልብስ ሲመረምር የኖረ ሰው ሆናችሁስ በቢጃማ ተገትራችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔ አውቀዋለሁና ላውጋችሁ።

አዲስ አበባ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ዩኒት ሊደር ማለት ላላወቀ፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮው ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ብርድ ላይ ቆሞ በር የሚጠብቀው ሰውዬ ነው። ተማሪዎቹ "ራዳር" ነበር የሚሉኝ። ያልሰማሁ መስዬ ኖርኩ እንጂ በሆዴ እኮራበት ነበር። ሹራቡ ከደንቡ ቀለም ትንሽ የደበዘዘ፣ ጥፍሩ ያደገ፣ ካልሲው ነጭ ያልሆነ፣ ገና ከማዶ ሲታየኝ እጄ ይነሳል። "አንተ፣ ና ወዲህ። አንቺም። ነገ ወላጅ!" ወላጅ የሚለውን ቃል የኔን ያህል የተናገረው ሰው አገር ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እግዜር ደግሞ ቀልደኛ ነው፤ ቆይቶ ቆይቶ እኔኑ ወላጅ አድርጎ በር ላይ አቆመኝ።

ባለቤቴ አስቴር ሦስት ዓመት ቀድማን አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ገብታ፣ ወረቀታችንን ጨርሳ፣ እኔንና ልጃችንን ብሌንን ዘንድሮ ከገና በኋላ አስመጣችን። የተከራየችው ቤት ከኮልፋክስ መንገድ ብዙም አይርቅም። ገና ከአውሮፕላን ሳንወርድ ጀምሮ ያገኘን ሰው ሁሉ "ተጠንቀቁ፣ ዴንቨር ከፍታ ነው፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ውኃ ጠጡ" እያለ አስጨነቀን። እንጦጦ ሥር ተወልጄ ያደግኩ ሰውዬ ነኝ እኮ! እንዲያውም የወረድኩ ነው የመሰለኝ። ትንፋሼን ያሳጠረው ከፍታው ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

አስቴር አረጋውያን መንከባከቢያ ስለምትሠራ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። እኔ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ። ስለዚህ ብሌንን ማልበስ፣ ማብላትና ትምህርት ቤት ማድረስ የኔ ድርሻ ሆነ። "ይሄማ ሙያዬ ነው" አልኳት ለአስቴር። አፌን በቆረጠው።

ብሌን ስምንት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ እያለን አፏ አያርፍም ነበር። የረባሽ ስም ዝርዝር ላይ የዩኒት ሊደሩ ልጅ ሁልጊዜ አንደኛ ነበረች፤ ስንት ጊዜ ራሴን በራሴ "ነገ ወላጅ" ለማለት ደርሼ ነበር። እዚህ ከመጣን ግን ዝም አለች። መምህሯ ሚስ ሊሳ አንድ ቀን እኔንና አስቴርን ጠርታ፣ "ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ይኸው ሦስተኛ ወራችን፣ ድምጿን ገና አልሰማሁትም። ውኃ ስትፈልግ እንኳ በጣቷ ነው የምታሳየኝ" አለችን። ምሳዋን የምትበላውም ብቻዋን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነው አለችን። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ብሌን እጄን ይዛ፣ "አባዬ፣ ጓደኛ ለማግኘት ስንት ቀን ይፈጃል?" አለችኝ። በሥራ ዘመኔ ያልተጠየቅኩት ጥያቄ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ልጄ አንድ ጓደኛ እንድታገኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ያ ወረቀት የመጣው።

ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ብሌን ከቦርሳዋ ቢጫ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። የሚቀጥለው ሳምንት የደስታ ሳምንት ነው ይላል። ሰኞ፦ ፀጉርን አንጨባርሮ መምጣት። ማክሰኞ፦ የግራና የቀኝ ካልሲ የተለያየ። ረቡዕ፦ ቢጃማ። ሐሙስ፦ የክፍል ፎቶ፣ ጥሩ ልብስ። ዓርብ፦ የትምህርት ቤቱን ቀለም መልበስ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ቢወጣ ወይ ማኅተሙ ፎርጅድ ነው፣ ወይ ርእሰ መምህሩ ታመዋል። ራዳሩ በውስጤ ተነሳና፣ "ይሄ ወጥመድ ነው፤ የትኛው ወላጅ ልጁን እንደሚቆጣጠር ሊያዩ ነው" አለኝ። አመንኩት።

ሰኞ ጠዋት አስቴር እሁድ የሠራችላትን ሹሩባ ቅባት ቀብቼ፣ ጠርዝ ጠርዙን በማበጠሪያ አስተካክዬ፣ አንዲት ፀጉር ሳትዛነፍ ወሰድኳት። በሩ ጋ ስንደርስ ያየሁትን ልንገራችሁ? አንዱ ፀጉሩን አረንጓዴ ቀለም ነክሮታል። አንዷ አናቷ ላይ የላስቲክ ጠርሙስ ተክላለች። ሌላው የአሻንጉሊት ሸረሪት ጎፈሬው ውስጥ አስፍሯል። መምህራኑ ራሳቸው ከእንቅልፍ የተነሱ ይመስላሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የተበጠረች ፍጡር የኔ ልጅ ብቻ ነበረች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው።

"አባዬ፣ ወረቀቱ ላይ አልነበረም እንዴ?"

"ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

ቦርሳዋን ከመሬት አንስቼ ሰቀልኩት። "አንዷ ልጅ ፀጉሬን አይታ ረሳሽው ወይ አለችኝ" አለች ብሌን።

"ምን መለስሽላት?"

"ምንም።"

ልጄን ያናገራት ሰው ተገኝቶ በኔ ምክንያት የምትመልሰው አጣች ማለት ነው። ያኔውኑ ለራሴ ቃል ገባሁ። እኔ ደንብ ሳስከብር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ደንቡ እብደት ከሆነ እብደቱን አስከብራለሁ።

የሚቀጥለው ካልሲ ነው። መሳቢያውን ከፈትኩና ሌላ ጉድ አየሁ። ለብሌን ካልሲ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በዩኒት ሊደር ሕግ አስራ ሁለት ጥንድ፣ ሁሉንም ነጭ፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ነው የገዛሁት። ብትገለብጡት ብታገላብጡት የሚለያይ ካልሲ የለም። ሰው ተለያይቶበት ይፈልጋል፣ እኔ ተመሳስሎብኝ ተቸገርኩ።

ፎቅ ላይ ወዳለው ጎረቤታችን ወደ ኑረዲን ወጣሁ። ኑረዲን የመርካቶ ልጅ ነው፤ እዚህ አስራ አምስት ዓመት ሆኖታል፣ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ይሠራል። መምህር እንደነበርኩ ካወቀ ጀምሮ "ቲቸር" እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እዚህ የተወለደችው ልጁ ሀያት ከብሌን በአራት ዓመት ትበልጣለች፤ የምትማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው።

"ኑረዲን፣ አንድ ካልሲ አበድረኝ።"

"አንድ ጥንድ?"

"አይ፣ አንድ። የአንድ እግር።"

ኑረዲን ዝቅ ብሎ እግሬን አየ። ሁለት እግር እንዳለኝ ካረጋገጠ በኋላ፣ "ቲቸር፣ ሰላም ነህ? አስቴር ሥራ ናት እንዴ?" አለኝ። ሀያት ከውስጥ ሰምታ እየሳቀች ወጣች። "ባባ፣ ኢትስ ፎር ስኩል! እኛም አለን!" ብላ አናናስ አናናስ የተሳለበት ቢጫ ካልሲ ይዛልኝ መጣች።

ማክሰኞ ብሌን አንድ እግሯን ነጭ፣ አንድ እግሯን አናናስ አድርጋ ሄደች። ቀኑ ደግሞ ፀሐይ ነበር፣ በቲሸርት የሚወጣበት። ስትመለስ ከሩቅ ነው ፊቷን ያነበብኩት።

"አባዬ፣ ትናንት ረሳሽው ወይ ያለችኝ ልጅ አናናሱን አይታ እንዲህ አደረገችልኝ" ብላ አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አሳየችኝ። አንድ አውራ ጣት! አስቴር ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠብቄ ነገርኳት። እሷም እንደገና ከብሌን አፍ አስነገረቻት። ያን ምሽት ቤታችን ውስጥ የተወራው ስለዚያች አውራ ጣት ብቻ ነው።

ግን ሰው ትንሽ ሲቀናው ልቡ ያብጣል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለኔ ነው።

ብሌን ቢጃማ አልነበራትም። የምትተኛው በኔ አሮጌ የስፖርት ሹራብ ነው፤ ብዙዎቻችን ያደግነው እንደዚያ አይደል? የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ኮልፋክስ ላይ ካለ የሰልባጅ ሱቅ ገብተን ስንፈልግ ስንፈልግ፣ በልኳ የተገኘው አንድ ብቻ ሆነ። ከአናት እስከ እግር ወጥ የሆነ፣ አረንጓዴ፣ ቆቡ ላይ ጥርስ የተደረደረለት፣ ከኋላው ደግሞ ክንድ የሚያህል ጭራ ያለው። ዳይኖሰር ነው። ይሄ የሚተኙበት ነው ወይስ የሚያድኑበት? ብሌን ግን እቅፍ አድርጋው አለቅም አለች፤ ገዛሁት።

ቤት ገብታ ለብሳ መስታወት ፊት ከቆመች በኋላ ወኔዋ ከዳት። "ብቻዬን አልሄድም። አንተም ልበስ" አለችኝ።

እኔ ቢጃማ አለኝ። አማቴ ለጉዞዬ የገዙልኝ፣ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ፣ "ፈረንጅ አገር በአሮጌ ቱታ ተኝተህ እንዳታዋርደን" ተብሎ ሻንጣዬ ውስጥ የገባ። አንድ ቀን ለብሼው አላውቅም። ኑረዲንን ደረጃ ላይ ሳገኘው፣ ወላጅም ይለብሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"ኖ ፕሮብሌም ቲቸር፣ ማንም ግድ አይሰጠውም። እኔ ሀያትን በሽርጤ ድሮፕ አድርጌ አውቃለሁ።"

ሽርጡን ለብሶ ያደረሳት ከመኪናው ሳይወርድ መሆኑን ግን አልነገረኝም።

ረቡዕ ጠዋት መጋረጃ ስከፍት አገሩ ነጭ ሆኗል። ትናንት በቲሸርት የሄድንበት መንገድ ላይ በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል። አስቴር እንደ ወትሮዋ ሳንነቃ ወጥታለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥራል፤ እኔ ግን በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ያላረፈድኩ ሰው ነኝ። በክረምት ጎርፍ አቋርጬ በር የከፈትኩ በረዶ ሊያስቆመኝ ነው? ዳይኖሰሯን አስቀድሜ፣ ቢጃማዬ ላይ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ። እየወደቅን እየተነሳን ስንደርስ በሩ ዝግ ነው። የሰው ዱካ እንኳ የለም። ማዶ በረንዳው ላይ በረዶ የሚዝቅ አንድ ሰውዬ አካፋውን አቁሞ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ለመሆኑ ሬዲዮ አትሰማም ወይ አለኝ። ቀጥሎም ለብሌን፣ "ጭራሽ ያምራል!" አላት።

ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ። እዚህ ላይ ቢጃማም ይጨመርበት።

መመለሻችን ላይ ብሌን ከአንድ ተዳፋት ላይ በጭራዋ ተንሸራታ ወረደች። እንደገና ወጥታ ወረደች። ሦስተኛው ላይ እኔንም ጎትታኝ አብረን ተንከባለልን፤ ተነስቼ ስራገፍ ስቃ ስቃ ሆዷን ይዛ ነበር። ከመጣን ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ያ በረዶ እስኪመሽ ቢወርድ አልጠላም ነበር።

ቤት ገብተን ስንሞቅ፣ "ነገስ ምንድነው የምለብሰው?" አለችኝ።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ የፈተና ቀን በዓል ላይ ከዋለ ፕሮግራሙ ይገፋል፤ የረቡዕ ሐሙስ ይሆናል፣ የሐሙስ ዓርብ ይሆናል። ይህን ስንት ጊዜ በማይክሮፎን ያወጅኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሳልጠራጠር፣ "ነገ ቢጃማ፣ ዓርብ ፎቶ" አልኳት።

"እርግጠኛ ነህ? ሚስ ሊሳን ብንጠይቃት?"

"አስራ ዘጠኝ ዓመት!" አልኳት። ለዓርቡ ፎቶ አስቴር የገዛችላትን ነጭ ቀሚስ ተኩሼ፣ እጥፋት ሳይኖረው መስቀያ ላይ ሰቀልኩት።

ትምህርት ቤቱ መልእክት የሚልከው አስቴር ስልክ ላይ ነው። የዚያን ቀን ደግሞ ተተኪዋ በበረዶው ምክንያት መድረስ አቅቷት አስቴር እዚያው አደረች፤ ስልኳ የሥራ ቦታው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ሲገጣጠም ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይዋ ወጥታ በረዶው ይንጠባጠባል። የዴንቨርን አየር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትናንት የቀበረህ ዛሬ ያላብሃል። ስድስቱን ብሎክ ሳንጨርስ ላብ አጠመቀኝና ካፖርቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አደረግኩት። ባለ መስመሩ ቢጃማዬ እስከ አንገቱ ተቆልፎ ብርሃን ላይ ወጣ። ብሌን ቆቧን ደፍታ፣ ጭራዋን እየጎተተች፣ እጄን ይዛ ትዘላለች። ነፋስ ሽው ሲል ሱሪዬ ይርገበገባል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ከረባት የታሰረ ትንሽ ልጅ ነው። ምናልባት ሰርግ አለባቸው አልኩ። ቀጥሎ ሪባን ያሰረች፣ ቀጥሎ ኮት የለበሰ፣ ቀጥሎ ፀጉሯ የተተኮሰ። ወላጆች አጎንብሰው የልጆቻቸውን ኮሌታ ያስተካክላሉ። ሰኞ አናቷ ላይ ጠርሙስ የተከለችው እንኳ ዛሬ ሐር የመሰለ ቀሚስ ለብሳለች። ስልኬ ጮኸ። አስቴር ናት።

"የት ደረሳችሁ? መልእክቱን አሁን ገና ማየቴ ነው። ፎቶው ዛሬ ነው፣ ቢጃማው ነው ወደ ዓርብ የተዛወረው። ነጩን ቀሚስ አልብሳት እሺ? ሰማኸኝ?"

"ሰምቻለሁ" አልኩና ዘጋሁት።

ብሌን እጄን ለቀቀችው። ቀና ብላ አላየችኝም፤ የጫማዋን ጫፍ ነው ያየችው። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። አንድ ክረምት ላይ አንዲት ተማሪ የታላቅ እህቷን ሹራብ፣ ያውም ሌላ ቀለም፣ እጅጌው ከጣቷ ያለፈውን ለብሳ መጥታ ነበር። "የኔ ታጥቦ አልደረቀም" ብትለኝ ደንብ ደንብ ነው ብዬ መለስኳት። ከመሄዷ በፊት ልክ እንደዚህ ጫማዋን ስታይ ነበር። ረስቻት ኖሬ እዚያ በር ላይ በቢጃማ ቆሜ አስታወስኳት፤ አፈርኩ። ስለ ቢጃማው አይደለም ያፈርኩት።

ሚስ ሊሳ በሩ ጋ ነበረች፤ የቡና ኩባያዋን እንደያዘች መጣች። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ፕሮግራሙ ይገፋል ብዬ፣ እኛ አገር እንዲህ ነው ብዬ፣ ቀሚሱ ተተኩሶ ቤት አለ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሮጬ ላምጣው አልኳት። የኛ ክፍል የመጀመሪያው ተራ ነው፣ ፎቶ አንሺው አሁን ነው የሚጀምረው፣ አይደርስም አለችኝ። ወደ ልጄ ዝቅ አልኩ።

"ብሌንዬ፣ ነይ ቤት እንሂድ። ዛሬ ብትቀሪ ምንም አይደለም።"

ይሄኔ ልጆቹ ከበቡን። የከረባቱ ልጅ ጭራዋን እያየ፣ ለምንድነው ዳይኖሰር የሆንሽው አላት። የአናናሷ፣ የአውራ ጣቷ ልጅም እዚያው ቆማለች። ሁሉም መልስ ይጠብቃል። ብሌን አንገቷን ደፋች። ከእሷ ቀድሜ የማለቅሰው እኔ መሰለኝ።

ከዚያ ቀና አለች። ጣቷን ወደኔ ቀስራ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ፣ "አባቴ ነው! እኔ ሚስ ሊሳን እንጠይቃት ብዬው ነበር!" ብላ ጮኸች።

ሕዝቡ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ ከአንገት ቁልፌ ጀምሮ በመስመሩ መስመሩ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ምን ላድርግ? ሺህ ልጅ ሲያደርግልኝ እንዳየሁት እጄን አወጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ማለቴ ነበር። ሳቁ ያኔ ፈነዳ፤ ብሌንም ሳቀች።

አፏ ከተከፈተ ማን ይዝጋው? በሦስት ወር ውስጥ ያጠራቀመችውን እንግሊዝኛ በሙሉ አፈሰሰችው። በረዶውን፣ ዝግ በሩን፣ በጭራዋ መንሸራተቷን፣ እኔ መንከባለሌን፣ ካልሲው ከፎቅ መምጣቱን፣ ያለፈ ጊዜና የወደፊት ጊዜ እየተደበላለቀባት አንድም ሳታስቀር አወራች። የጎደላትን ቃል በእጇ ትሞላዋለች። "ናይንቲን ይርስ!" ስትል ደግሞ ድምጿን አወፍራ እኔን ሆነች። ልጆቹ ሆዳቸውን ያዙ። የአናናሷ ልጅ ጭራዋን መንካት ይቻላል ወይ አለቻት፤ "ኦኬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ" ብላ ፈቀደችላት። ተሰልፈው ሲገቡም እያወራች ነው። ፎቶ አንሺው ዝግጁ ሆኖ እሷ እያወራች ነው። በመጨረሻ ሚስ ሊሳ፣ "ብሌን፣ እባክሽ አሁን ትንሽ ዝም በይ" አለቻት።

ዝም በይ! ልጄን ዝም በይ አሏት! ያንን ስሰማ እንባዬ መጣ። ሚስ ሊሳ አየችኝና፣ ይበርድሃል፣ ካፖርትህን ልበስና ግባ፣ ሲነሱ እይ አለችኝ። በሩን ራሷ ያዘችልኝ። ከፎቶ አንሺው ኋላ ካፖርቴን ቆልፌ ቆምኩ፤ የቢጃማዬ ሱሪ ከሥር ቢታይም የሚያየኝ አልነበረም።

አስቴር ማታ ስትሰማ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ቢጃማውን ለብሰህ ካላየሁህ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ነጩን ቀሚስ መስቀያ ላይ አይታ እንደገና ተቆጣች። ኑረዲን ደግሞ፣ "ቲቸር፣ እኔ እኮ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ያልኩህ" አለኝ። አላለኝም። ዓርብ ዕለት ዋናው የቢጃማ ቀን ሲሆን ብሌን እንደ ለመደ ሰው ጭራዋን ይዛ ገባች። እኔ ያለችኝን አንድ ሱፍ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ ነው ያደረስኳት።

ፎቶው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ከረባት፣ ሪባን፣ ኮት፣ ከረባት፣ ሪባን፣ መሃል ላይ አንድ አረንጓዴ ዳይኖሰር፣ ጥርሷ ከቆቡ ጥርስ በላይ ፈጦ። አጠገቧ የአናናሷ ልጅ የጭራውን ጫፍ ይዛለች። ስሟ አቫ ነው፤ አሁን ምሳ የሚበሉት አብረው ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ቤታችን ትመጣለች። ከፎቶው ጋር አንድ ወረቀት አለ፦ ያልተስማማው ወላጅ ልጁን ለብቻ በድጋሚ ማስነሳት ይችላል ይላል። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ብቻዬን አላነበብኩትም፤ ብሌንን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

"ነጩን ቀሚስ ለብሰሽ በድጋሚ ትነሺያለሽ?"

"አልፈልግም።" ፎቶውን ከእጄ ወስዳ ትንሽ አየችው። ከዚያ፣ "አባዬ፣ በሩ ላይ የቆምከው አንተ ብትሆን ኖሮ ታስገባኝ ነበር?" አለችኝ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ግን ዓይን ዓይኔን ነው የምታየኝ።

"አላስገባሽም ነበር" አልኳት።

እንደምትቀየመኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና ፎቶውን ግድግዳው ላይ የት እንደምትሰቅለው እየፈለገች፣ "ሚስ ሊሳ ግን አንተንም አስገባችህ" አለችኝ።